በበዓለ ሃምሳ የጾሙት መሪጌታ

«ደስ ይበልሽ ማርያማዊት፤ አባትሽ ዓለምን ናቁ። ዛሬ ወደ ገዳም ልንሸኛቸው ነው» ብለው የደወሉልኝ አባ ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ የደብራችን አስተዳዳሪ፣ የአባቴም የልጅነት ጓደኛ። ለልጃቸው ሳይነግሩ የምን ሽኝት ነው ብዬ በገንኩ። መሐል ሜዳ ከተማ ያለውን ሱቄን ዘግቼ ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ተሳፈርሁ።

አባቴ የሚኖሩበት ሞላሌ ስደርስ ደጃፋችን በሰው ተሞልቷል። ሁሉም በረከት ሊቀበል ነው የመጣው። ከአባቴ ተማሪዎች አንዱ፣ ዲያቆን ዳኜ፣ የአባቴን በርኖስ ደርቦ ቆሟል።

«እሳቸው ናቸው የሰጡኝ» አለኝ አፈር ብሎ።

በመንዝ ብርድ ያለችውን አንድ በርኖስ የሚሰጥ ሰው ከእንግዲህ አልፈልጋትም ያለ ሰው ነው። ፈጥኜ ወደ ቤት ገባሁ።

አባቴ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። አንገታቸው ቀጥኗል።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልኋቸው።

ልጅ ሆኜ የዚህን ሰላምታ መልስ ብዘነጋ ጆሮዬን ቆንጥጠው ያስደግሙኝ የነበሩ ሰው ዝም አሉኝ።

«አትረብሻቸው፣ ተመስጦ ላይ ናቸው» አሉ በሩ አጠገብ የቆሙት አባ ወልደ ጻድቅ። «ከትንሣኤ ወዲህ እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል። አንዳንዴ ትንሽ በሶ ነው። የጾም ጸጋ ነው ልጄ።»

የጾም? እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ ከትንሣኤ በኋላ ረቡዕን ልጹም ብላ ነበር። አባቴ መሶቡን ከፍተው፣ «ጌታ ተነሥቶ አንቺ ለማን ታዝኛለሽ?» እያሉ በእጃቸው አጎረሷት።

«አባ፣ አሁን የምን ጾም ነው?» አልሁ።

«እንዴት?»

«በዓለ ሃምሳ አይደለም እንዴ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል፤ ስግደት እንኳ የለም። ይህን ላገሩ ሁሉ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ምን ብለው ነው የሚጾሙት?»



አባቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። እጃቸው ቀዝቅዟል።

«አባባ፣ የትኛው ገዳም ነው የሚሄዱት?»

እጃቸውን ከእጄ አወጡ።

«ማን ይቀበልዎታል?»

«ብቻዬን ነው የምሄደው» አሉ። «ማንም አይከተለኝ።»

ከደጅ መዝሙር ተጀመረ፤ እየጠሯቸው ነው። እንዲህ እንደሆኑ ከወጡ እንደማይመለሱ ገባኝ። ጥያቄው ራሱ ኃጢአት መሰለኝ፤ ሳልጠይቃቸው ግን በሩን ማለፍ የለባቸውም።

«አባባ፣ መሞት ፈልገው ነው?»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ አባ ወልደ ጻድቅ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?»

አባቴ ግን ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። አለማልቀሳቸው ከልቅሶ በላይ አስፈራኝ።

«እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። «ዜማው አይጥመኝም። እህሉም አመድ አመድ ይለኛል። አዎ፣ መሞት አምሮኛል። ለወልደ ጻድቅ ልነግረው ብጠራው፣ ገና አፌን ሳልከፍት ‹በረከትዎ ይድረሰኝ› ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልንገረው?»

አባ ወልደ ጻድቅ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና የገዛ ጋቢያቸውን አወለቁ፤ በአባቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት።

«አላየሁህም፣ መልኬ» አሉ። «አላየሁህም ወንድሜ።»

አባቴን በግራና በቀኝ ይዘን ወጣን። ሰዉ እልል ብሎ ለበረከት ጎንበስ አለ። አባ ወልደ ጻድቅ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙት።

«መሪጌታ ታመዋል» አሉ ሁሉም እየሰማ። «የምንሄደው ሐኪም ዘንድ ነው፤ መንገድ ልቀቁ። ዳኜ፣ በርኖሱን መልስ። ይበርዳቸዋል።»