የማያልበው ሰው ላብ

ጎጃም በረንዳ አጠገብ ሚጥሚጣ ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። እኛ ዘንድ ሻጩ ራሱ ካልቀመሰ ገዢ አይነካም። እኔ ደግሞ ጉረኛ ነኝና አንድ ማንኪያ ሙሉ ቅሜ ግንባሬን አስነካለሁ። «ንካው! ጠብታ ላብ አለ?» ኖሮ አያውቅም።

ልጄ ጸሎት ነርስነት ትማራለች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ጀግንነት አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን። «ሚጥሚጣ ምላስን ያታልላል። ሰውነት እሳት የነካው መስሎት ለማብረድ ላብ ያፈሳል። ያንተማ በየቀኑ ሲታለል ለመደና ዝም አለ።»

«ሂጂ ወዲያ!» ብዬ ሳቅኩባት። የሚስቀውን ጅል እዩልኝ!

ባለፈው ረቡዕ እትዬ ማሚቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቄ መጡ። ትልቅ ክትፎ ቤት አላቸው፤ እሳቸው የናቁትን ሻጭ ተራው ሁሉ ይንቀዋል። ለፋሲካ የሚሆን ሚጥሚጣ ፈልገው ነው። ጾም ስለሆነ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም።

«አንተ ቅመስ፣ እኔ ግንባርህን አያለሁ» አሉኝ።

ቃምኩ። ደረቴን ነፋሁ። «ይንኩት፣ እትዬ!»

ነኩት። ደረቅ ነው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን ቀላቀልክበት?»

«ኧረ በማርያም! ምንም!»

«ሚጥሚጣ ቅሞ የማያልበው ማነው? ድንጋይ ነህ?»

«ምላስ ይታለላል እትዬ፣ ከዚያ ይለምዳል፤ ልጄ ናት የነገረችኝ...»

«አታላዩንማ አየሁት» አሉ።

ሁለተኛ ማንኪያ ቃምኩ። ሦስተኛ። ሆዴ ነደደ፣ ግንባሬ አልሰማም። ጎረቤቴ ቡርሃን ከሱቁ አንገቱን አስግጎ፣ «አንተ ጥጋቡ፣ ዛሬስ ጉራህ ጉድ ሠራህ!» ይላል። ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ቅንጣት ባዕድ ነገር ጨምሬ የማላውቀው ሰውዬ «ቀላቃይ» ልባል ነው። እትዬ ማሚቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መንገድ ጀመሩ። ፈራሁ። እውነቴን ነው።

ያኔ ከጆሮዬ ጀርባ የሆነ ነገር ወረደ። ቀጥሎ በግንባሬ፣ በአፍንጫዬ።

«እትዬ! እትዬ፣ ይዩኝማ!»

ተመልሰው ግንባሬን በጣታቸው ዳበሱት። «እሰይ! ለካ ዘግይቶ የሚይዝ ነው። ደህና ሚጥሚጣ እንዲህ ነው፤ አዘጋጅልኝ።»

ሚጥሚጣውስ እውነተኛ ነው፤ ላቡ የፍርሃት ነበር። ቡርሃን መሀረብ ቢዘረጋልኝም አልተቀበልኩም፤ እስኪሄዱ እየተንጠባጠብኩ ቆምኩ።

አሁን ገዢ ሲመጣ እንደ ልማዴ እቅማለሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እትዬ ማሚቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲሄዱ አስባለሁ። ወዲያው ያልበኛል።