የቨርሊን እጅጌ

እህቴ አርዲስ ከባሏ ከቨርሊን የተሻለች ቀስተኛ ናት። ይህን ከቨርሊን በቀር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ደግ ስለሆነ ደፍሮ የሚነግረው የለም፤ እሷ ግን አንዳንዴ ትሞክራለች።

አምና የአደኑ ወቅት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው፣ እዚህ ሰሜን ዊስኮንሲን ጥድ የሚሰነጥቅ ብርድ ገባ። ቨርሊን ሦስት ሹራብ ደራርቦ፣ በላዩ ላይ የሟች አባቱን ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለበሰ። ሁለት እጆቹ ከጎኑ አልገጥም ብለው እንደተንሳፈፉ ከቤት ወጣ።

አርዲስ ይህን ስታይ መጀመሪያ ጋራዡ ውስጥ፣ እንደለበሰ፣ ሁለት ሦስት ፍላጻ እንዲወረውር ለመነችው። በበጋ በቲሸርት ዒላማ መምታትና ይህን ሁሉ ተሸክሞ መምታት አንድ እንዳልሆነም ነገረችው። እሷ የአሮጌ ካልሲ ጫፍ ቆርጣ፣ ደጋኑን በምትይዝበት ክንዷ ላይ ከእጅጌዋ በላይ አጥልቃዋለች። ካልሲው እጅጌውን ጭምቅ አድርጎ ስለሚይዘው አውታሩ ሲለቀቅ አይነካውም። ሁለተኛውን ካልሲ ለእሱ ዘረጋችለት። ሮዝ ነበር።

"እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ካልሲ ነው ያደንኩት" አላት።

"ታዲያ እግርህን አልበረደህም?" ብላው መኪናው ውስጥ ገባች።

አድፍጠው የሚያድኑባቸው ማማዎች ዛፍ ላይ የተሠሩ፣ ሃምሳ እርምጃ የሚራራቁና ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቀንዱ የተንዠረገገ ትልቅ አጋዘን መጣ። በአርዲስ በኩል ቅርንጫፍ ከለለው፤ እሱም ቀጥ ብሎ ወደ ቨርሊን አመራና አሥራ ስምንት እርምጃ ላይ ቆመ። ቨርሊን ደጋኑን ወጥሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ለቀቀ።

አውታሩ የካፖርቱን እጅጌ ቿ አደረገው። ፍላጻው እንደ ሰካራም ተወላግዶ አጋዘኑ ፊት በረዶው ላይ ተተከለ። አጋዘኑ ግን አልሸሸም፤ ጠጋ ብሎ ፍላጻውን አሸተተው። ቨርሊን ቀስ ብሎ ሁለተኛ ፍላጻ መዘዘ። ይኼኔ አርዲስ ጓንቷን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር፤ ሆኖም ሳቁ በአፍንጫዋ ወጣ። አጋዘኑ በሁለት ዝላይ ጫካው ውስጥ ገባ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቨርሊን አጋዘኑን ያባረርሽው አንቺ ነሽ አላት። እሷም ፍላጻውን እንዲያሸተው ያቀረበለት ማን ሆነና አለችው። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ ሬዲዮ ብቻ አዳመጡ።

በማግስቱ ጠዋት አርዲስ ድንች እየላጠች ሳለ ከጋራዡ ድምፅ ሰማች። ቿ። ጥቂት ቆይቶ፣ ቿ። ስድስት ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ በሩ ተከፈተና ቨርሊን ካፖርቱን እንደለበሰ መጥቶ ግራ ክንዱን ዘረጋላት።

"ሌላ ቀለም የለሽም?" አላት።

"የለኝም።"

ነገሩ ውሸት ነበር፤ መሳቢያዋ ጥቁር ካልሲ ሞልቶታል።

ቅዳሜ ዕለት ቨርሊን አንዲት ሴት አጋዘን በአንድ ፍላጻ ጣለ። ሳንባዋን ነበር ያገኛት፤ ብዙም አልተንገላታችም። በበረዶው ላይ እየጎተቱ ሲያመጧት ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር፤ ፊቱ ግን የሠርጉን ቀን ይመስል ነበር አለችኝ አርዲስ። እሷም ያን ቀን አንድም ቀልድ አልተናገረችም። አቅፋ ሳመችው እንጂ።

ትልቁን አጋዘን ማን እንዳባረረው ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ዳኛው እኔ ነኝ። እሱ በመጣ ቁጥር የአጋዘን ቋሊማ ይዞልኝ ይመጣል፤ እሷም እሱ ሳያይ ሌላ ትልክልኛለች። ፍርዱን ለማሰብ ጊዜ እፈልጋለሁ ብያቸዋለሁ።