በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል

ሊፍቱ ሦስተኛውን ፎቅ አልፎ አራተኛው ላይ ሳይደርስ ቆሟል። መብራቱ አልጠፋም። ውስጡ አንዲት ሴት አለች። አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ በተቆለፈ በር ፊት፣ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ፤ የበሩ ቁልፍ በሴትየዋ ቦርሳ ውስጥ ነው። ወደ ሕንጻው እየመጣ ያለው የሊፍት መካኒክ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም።

እሱ የሚያውቀው ሌላ ነው። ቤቷ ያስጠጋችው ታላቅ እህቱ ጠዋት፣ "ስማ አንተ፣ ዛሬ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ካልሄድክ ማታ በሬን እንዳታንኳኳ" ብላዋለች። ቦታውን አፈላልጋ ያገኘችውም ራሷ ናት። "እሺ እትዬ" ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ እጁ እንዳይንቀጠቀጥበት ሁለቴ ተጎነጨ፤ አንድ ለቀኙ፣ አንድ ለግራው። የሚያውቀው ሰው ቢያየው ለሥራ የመጣ እንዲመስል ደግሞ፣ የዕረፍት ቀኑ ሆኖ ሳለ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሏል።

የሕንጻው ጥበቃ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቦርሳውን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ተመስገን! ለመካኒክ ደውዬ ገና ስልኩን ሳልዘጋው ደረስክ። ክንፍ አለህ እንዴ?"

"ምን ተፈጠረ ጋሼ?"

"ሊፍቱ ቆሟል፣ ሰው ውስጥ አለ። በል ቶሎ!"

"እኔ ለስብሰባ ነው የመጣሁት" ሊል አፉን ከፈተ። "የሞተር ክፍሉን ቁልፍ ይዘው ይከተሉኝ" ሲል ራሱን ሰማው።

የሞተሩ ክፍል ጣሪያ ሥር ነው። ተከታትለው ደረጃውን ሲወጡ አምስተኛው ፎቅ ላይ የተቆለፈውን በርና የቆሙትን ሰዎች አየ። ከበሩ በላይ የተጻፈው እህቱ የነገረችው ስም ነው። የሹፌር ጃኬት የለበሰ ሰው፣ "እኔስ ሰለቸኝ፣ ልሄድ ነው" ይላል። መካኒኩ አቀርቅሮ አለፋቸው።

ላይ ሲደርስ ዋናውን ኃይል አጠፋ። ከዚህ በኋላ ሥራው የእጅ ነው። ሊፍት አንድ ሰው ብቻ ሲይዝ በገመዱ ሌላ ጫፍ ከተንጠለጠለው የሚዛን ብረት ስለሚቀል፣ ፍሬኑ ሲላቀቅ ወደ ላይ ይሳባል። የፍሬኑን ማንሻ ጫን አድርጎ ወዲያው መልቀቅ ነው፤ ሊፍቱ በየጊዜው ከአንድ ስንዝር በላይ መሄድ የለበትም። ገመዱ ላይ የተቀባው ቢጫ ቀለም ሞተሩ ሥር ካለው ጭረት ጋር ሲገጥም፣ ሊፍቱ ከፎቁ ወለል ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው።

ጥበቃው ለሴትየዋ ደውለው ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈቱት።

"እህቴ፣ ባለሙያው መጥቷል።"

"ተባረክ ይበሉት ጋሼ። እዚህ መስታወት አለ፤ ሳይ ሳይ ከራሴ ጋር ተጣላሁ።" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። በሩ ተዘግቶ ካገኙት ይመለሳሉ። ከዚያ በር የተመለሰ የት እንደሚያመሽ አውቃለሁ፤ አምሽቼበታለሁ።"

መካኒኩ ስብሰባውን የምትመራው እሷ እንደሆነች ገባው።

"ከበሩ ራቅ ብለው የጎኑን ብረት ይያዙ" አላት። ማንሻውን ጫነ። ጣቶቹ ግን በጊዜው አልለቀቁም። ገመዱ ተፈተለከ፤ ፍሬኑ ሲነክስ ክፍሉ ተናጋ። ከስልኩ ጩኸት ወጣ።

"ኧረ ቀስ! ሰውዬ፣ ልትፈጃት ነው?" አሉ ጥበቃው። ጠጋ ብለው ትንፋሹን አሸተቱ።

እንደገና ያዘ። ማንሻው ከእጁ ጋር ይንቀጠቀጣል። ቢጫው ቀለም ሊደርስ ሁለት ክንድ ያህል ይቀረዋል። ቢሳካለት ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ባይሳካለት፣ ሴትየዋም ደንግጣ በሩን ፈልቅቃ ልትወጣ ስትል ሊፍቱ ቢነሣ... እጁን ከማንሻው አነሣ።

"ጠጥቻለሁ።"

"እሱማ ይሸታል" አሉ ጥበቃው።

"ማነው እሱ?" አለች ሴትየዋ በስልኩ።

"እኔ ነኝ፣ መካኒኩ። ማንም አልጠራኝም። እርስዎ ጋ ለስብሰባ ነው የመጣሁት። ይሄን ፍሬን መንካት አልነበረብኝም።"

"ታዲያ እኔን ማን ሊያወጣኝ ነው?"

ኃይሉን እንደጠፋ ትቶ አለቃው ጋ ደወለ፤ ሁሉንም ነገረው። የአለቃው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። "ጠጥተህ ፍሬን ነካህ? ነገ የሥራ መታወቂያህን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጥ! ከእንግዲህ አንተ በደረጃ ነው የምትወጣው! ተረኛው መካኒክ መንገድ ላይ ነው፣ እስኪደርስ ምንም እንዳትነካ።"

"ሰማሁት" አለች ሴትየዋ። "በል ውረድና ሰዎቼን ሊፍቱ በር አጠገብ አምጣልኝ። በበሩ እንነጋገራለን።"

"ምን ብዬ ላምጣቸው?"

"ለእኔ ያልከውን በላቸው።"

ባለጃኬቱ ሹፌር ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ነበር። መካኒኩ ከበላዩ ቆመ፤ ቦርሳውን ላይ ረስቶታል።

"የምትጠብቋት ሴት ሊፍት ውስጥ ናት። እኔ ላወጣት ነበር፤ ጠጥቼ ስለነበር አልቻልኩም። ወደ እኔ ኑ ትላለች።"

ማንም አልተነቃነቀም። ሹፌሩ ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየው።

"ሰክሮ ሊያድን የመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለ። "እኔ እንኳ በዚህ አልታማም።"

አንዲት አሮጊት ሳቃቸው አመለጣቸው። "አንተማ ሰክረህ አውቶቡስህን መንገድ ላይ ረስተህ በእግርህ ቤትህ የገባህ ነህ፤ ዝም በል። ና ልጄ፣ ምራን።"

አራተኛው ፎቅ ላይ ከሊፍቱ በር ፊት ደረጃው ላይ ተደረደሩ። ከብረቱ ወዲያ የሴትየዋ ድምፅ፣ ታፍኖ ግን ጥርት ብሎ፣ "ማን ይጀምር?" አለ። መካኒኩ መዳፎቹን ጭኖቹ ሥር ቀብሮ ተቀመጠ።

ተረኛው ደርሶ ሊፍቱን ሲያወጣው፣ ከአራተኛው ፎቅ ወለል ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቆመ። ሴትየዋ ስትወጣ ደረጃው ላይ፣ መካኒኩን ጨምሮ፣ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ግን በስብሰባው መሐል ተነሥቶ ሄዷል።