ቅሬው ያልፈረመበት ላስቲክ

ዝናው እውነት ሲናገር የሚያምነው የለም፤ ጥፋቱም የራሱ ነው። ግሸን አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሐይቅ ውስጥ መንጠቆ ጣልኩ፣ ያወጣሁት አሳ ውጫሌ ላይ መንገድ ዘግቶ አውቶብስ አስቆመ ብሎ የማለ ሰው፣ ስለ ላስቲክ ቢምል ማን ይሰማዋል?

የመንደሩ ቅሬ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት ማኅበር፣ ለበጋ መስኖ የሚሆን ኩሬ አንድ ወር ሙሉ ቆፈረ። በኩሬው ወለል ላይ የሚነጠፈውን ወፍራም ላስቲክ አንድ ድርጅት ልስጥ አለ። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የድርጅቱ አቅራቢ፣ ሽታው የሚባል ነጋዴ፣ የላስቲኩን ጥቅል በአይሱዙ ጭኖ ከች አለ። ቅሬው ተረክቤአለሁ ብሎ ከፈረመ ሌላ አይመጣም።

ዝናው ጥቅሉን በአውራ ጣቱ ወጋ አደረገና፣ "ይሄ የችግኝ ከረጢት ነው" አለ።

ኮምቦልቻ አንድ ላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት ማሽን ላይ ቆሟል፤ ከስምንተኛ ያቋረጥኩትን ትምህርት እዚያ ጨረስኩ ይላል። ላስቲክ ሊሆን የሚቀልጠው ያ ሩዝ የሚመስል ነጭ ፍሬ ሁሉ ስሙ ፖሊኢትሊን ነው፣ ጠባዩ ግን እንደ አንድ እናት ልጆች ለየቅል ነው ብሎ ጀመረ። ደረቁና ጠንካራው ጀሪካንና የውሃ ቧንቧ ይሆናል። ለስላሳው የዳቦ ላስቲክና የችግኝ ከረጢት። ሦስተኛው ቢስቡት ይለጠጣል እንጂ እሺ ብሎ አይቀደድም። የኩሬ ላስቲክ ከጠንካራው ወይም ከሦስተኛው፣ ያውም ወፈር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ይሄ ለስላሳው ነው፣ ያውም የሳሳ።

ሽታው ሳቀበት። ላስቲክ ላስቲክ ነው አለና አራት ሰው ጫፍ ጫፉን አስይዞ አንድ ባልዲ ውሃ ገለበጠበት። ጠብ አላለም። ሰው አጨበጨበ።

"ፌስታልም ውሃ ይይዛል" አለ ዝናው። "ኩሬው ሲሞላ ግን ውሃው ከነክብደቱ ላስቲኩን ወለሉ ጠጠር ላይ ነው የሚጫነው።"

የቅሬው ዳኛ ጋሽ አሻግሬ ብዕራቸውን ይዘው ቆመዋል። በቅሬ ፊት ዋሽቶ የተገኘ ከቅሬ እንደሚወጣ፣ ከቅሬ የወጣ ደግሞ ቀባሪ እንደሌለው አስታወሱት።

"እንግዲያው ስሞት በእግሬ እሄዳለኋ፣ ጋሼ።"

ይህን ብሎ ከጥቅሉ አንድ ክንድ ተኩል አስቆረጠና የኩሬው ወለል ላይ አነጠፈው። ቀጥሎ የቅሬውን ቃሬዛ አምጡልኝ አለ። ተጋድሞበት፣ ሬሳ የሚሸከሙት አራቱ ጎረምሶች ላስቲኩን ረግጠው እንዲያሳልፉት ነው። ከኩሬው ግርጌ የቲማቲም መደብ ያላት ፈዲላ ሟርት ነው ብላ ጮኸች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሙሐዲን ግን ሳቁን መያዝ አቃተው።

"ዝናው፣ ወላሂ እዚያው ካሸለብክ አንመልስህም።"

"አንተ ብቻ እግርህን ጣል አርገህ ሂድ።"

ሦስቴ ተመላለሱበትና ቃሬዛውን አሳረፉ። ሙሐዲን ላስቲኩን አንስቶ ወደ ሰማይ ቢዘረጋው፣ ፀሐይዋ በሃያ ቀዳዳ ፊቱ ላይ ተንጠባጠበች። ያጨበጨበው ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሽታው ጥፋቱን ጠጠሩ ላይ ጣለ። ይሄን ካልፈረማችሁ ለዘንድሮ ሌላ የለም፣ ክረምቱ ባዶ ጉድጓድ ነው የሚያገኘው አለ። ይሄኛው እውነት ነበር፤ ሁሉም ፈዲላን አየ፣ ከማንም በላይ የምትጎዳው እሷ ናትና።

"ያግኘው" አለች። "ወንፊት ላይ ፈርሜ ከምቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሐይቅ በጀሪካን ብቀዳ ይሻለኛል።"

ጋሽ አሻግሬ ብዕሩን ከደኑ። ከዚያ ወደ ኩሬው ጎንበስ ብለው ዝናውን ከቃሬዛው ውረድ አሉት።

"ጥቅሉ መኪናው ላይ ሳይወጣ አልወርድም።"

ዳኛው ወደ አራቱ ጎረምሶች ዞሩ። እሱን ተዉት፣ ጥቅሉን ጫኑ አሏቸው።