ያለ ዙሩ የተመታ ደወል

ሙኽታር ረቂቁን ሲያነብ መምህር ፈረደ ከጎኑ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የቆላ ወረዳዎች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ታሪክ በመጽሔት ሊወጣ ነው፤ ጸሐፊው ሙኽታር፣ አራሚው ጡረተኛው ፈረደ ናቸው።

«‹ለሃያ ዓመታት ደወል በመምታት መምህር ፈረደን የሚያህል አገልጋይ አልነበረም።› አሞገስሁዎት አይደል ጋሼ?»

«ቀጥል።»

«‹በአራተኛው ሻምፒዮና የኮኪቷ ስርጉት አምስት ሺህ ሜትሩን ስትመራ ቆይታ፣ ዙር ተሳስታ በመቆሟ ወርቁን አጣች።›» ሙኽታር ሳቀ። «ይቺን እንኳ ለሳቅ ነው ያስገባኋት። ዛሬም ቆጠራ ላቃተው ሰው ‹የስርጉት ዙር› ይባል የለ?»

ፈረደ አልሳቁም። ደወሉ ከቁርቁራ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የትራክተር ዲስክ ነበር። አምስት ሺህ ሜትር አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው፤ የሚጀመረውም በግማሿ ነው። እርሳቸው ያን ቀን ግማሿን እንደ ሙሉ ቆጠሯትና የመጨረሻውን ደወል አንድ ዙር አስቀድመው ደለቁት። ስርጉት ያላትን ጉልበት ሁሉ አውጥታ መስመሩ ላይ ተንበረከከች። «ተነሽ፣ ይቀርሻል!» ሲሏት እግሯ አልታዘዝ አለ፤ ከኋላ የነበሩት ጩኸቱን ሰምተው አልፈዋት ሄዱ። ዳኞቹ ስለ ደወሉ ሲጠይቁ ፈረደ፣ «ልጆች በድንጋይ መትተውት ነው፤ የእኔን መጠበቅ ነበረባት» አሉ። የሚያስተምሯት እርሳቸው ነበሩ።

«ሰርዛት» አሉ አሁን።

«የቷን?»

«እሷንም፣ የእኔንም። ያለ ዙሩ የመታሁት እኔ ነኝ።»

ሙኽታር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አሥራ ሰባት ዓመት አለፈው'ኮ ጋሼ። ማን ያስታውሰዋል?»

«አሁን የሳቅህባት አንተ አይደለህ?»

ፈረደ ከዚያ ወጥተው በባጃጅ ስርጉት ሰሊጥ ወደምታበጥርበት መጋዘን ሄዱ። ከሴቶቹ መሀል ወንፊት ይዛ አገኟት። ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሁሉንም ነገሯት።

«አውቃለሁ» አለች ወንፊቷን ሳታቆም። «ክንድዎ ሲነሣ እያየሁ ነው የሮጥሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ከመምህር ፊት ማን እኔን ያምናል?»

«በመጽሔቱ ይወጣል። አስተካክዬዋለሁ።»

«መጽሔት ማን ያነባል ጋሼ? እኔ የተሳቀብኝ በድምፅ ማጉያ ነው። በዘንድሮው ሻምፒዮና ማጉያውን ይያዙና ይንገሩልኝ።»

ፈረደ መሬት መሬት አዩ። የዘንድሮው ሻምፒዮና ላይ ያስተማሯቸው ሁሉ ይኖራሉ፤ አማቾቻቸውም፣ ሊሸልሟቸው ያሰቡት ሹማምንትም።

«እሺ» አሉ።

«አልሰማሁዎትም።»

«እሺ! እናገራለሁ» አሉ ጮክ ብለው። የሚያበጥሩት ሴቶች ወንፊታቸውን አቁመው ቀና አሉ፤ አንዷም፣ «ምን አጥፍተው ነው መምህር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ስርጉት መልሱን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጠበቀች።