የመጀመሪያዋ ዘለላ

አጎትየው መቀሱን እንደያዘ ቆሟል፤ የሠራው ነገር ገና አልገባውም። ለለቀስተኛ ወንበር ሊደረድር ግቢውን ሲያጸዳ፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ የቆመች ደረቅ እንጨት የሰው ልብስ እየያዘች አስቸገረችው። ከወገቧ ቆረጣት።

«ደርቃ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለ፣ የእህቱ ልጅ ፊት ሲለዋወጥ አይቶ።

ልጅቱ ልትቆጣው አፏን ከፈተችና ተወችው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደግሞም አጎቷ ሐዘን ሲጠናበት እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ እህቱ ከሞተች ወዲህ ያልጠረገው ጥግ የለም። ግን ያቺ እንጨት የወይን ቡቃያ፣ የእናቷ የዕድሜ ልክ ልፋት ነበረች።

ወደ ቤት ስትመለስ ሁለት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ እሷ ያወራሉ። እናቷ ተቀብራ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልወጣትም። ጥግ ላይ የእናቷ የምርምር ክፍል ኃላፊ ሻዩን ሳይጠጣ ተቀምጧል። ቀደም ሲል፣ እያፈረ፣ የእናቷ ቤተ ሙከራ ለሌላ ሰው ሊሰጥ መሆኑን ነግሯት ነበር። ወይኗ ከብርዱ በኋላ ከነቃች ግን ሥራው ይቀጥላል ብሏታል። መቆረጧን ሳትነግረው የቀዘቀዘ ሻዩን አንስታ ወጣች።

እናቷ የወይን ቅጠል ወስዳ፣ የሕዋሱን ግድግዳ አሟሙታ፣ አንዲት እርቃኗን የቀረች ሕዋስ በብልቃጥ ውስጥ ታሳድግ ነበር። ለዓመታት የወጣላት ነጭ ጓል ብቻ ነው። ኃላፊው በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር «ሊጥሽ ተነሳ?» ይላታል። እዚያ አብራው ትስቅና ቤቷ ገብታ ትንጨረጨራለች።

«አንዷ ሕዋስ ሙሉ ወይን መሆን ታውቅበታለች» ትል ነበር። «አጠያየቁን ያላወቅሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ቀን እናቷ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ በአውቶቡስ ወደ ቤት ከነፈች። ከጓሉ አረንጓዴ ጫፍ ወጥቷል። «ታናሽ እህት ወለድኩልሽ!» አለቻት፣ ለደረሰች ልጇ። ልጅቱ ሳቀች፤ ውስጧ ግን ቀና። የልጅነት ምሽቶቿን የወሰደባት ያ ብልቃጥ ነበርና። ወይን በብርድ መተኛት አለበት ብላ እናቷ ቡቃያዋን ግቢ አወጣቻት። ቅጠሏ ረገፈ። ወይኗ ሳትነቃ እናትየው በሞት ቀደመቻት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ብርዱ ለቀቅ ባለበት ቀን፣ ልጅቱ የተቆረጠው ጫፍ ረጥቦ አየች። ጤዛ መስሏት በአውራ ጣቷ ጠረገችው። እንደገና ረጠበ። ውሃው ተጠራቀመ፣ ተንጠለጠለ፣ ጠብ አለ።

ልጅ ሳለች እናቷ ወይን ስትገርዝ ቁስሉ ሲያንጠባጥብ አይታ አልቅሳ ነበር። እናቷም ሥሩ ነቅቶ ውሃ ወደ ላይ እየገፋ ነው ብላ አባበለቻት። «ደረቅ እንጨት አያለቅስም» አለቻት። «ደግሞ እንባም የወይን ፍሬም የሚቆጠረው በዘለላ ነው። መጀመሪያ ይቺን ትሰጥሻለች፣ ከዚያ ያንን።»

ለለቅሶ ገና መግባቱ የነበረውን ኃላፊ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። ሰውየው በሙሉ ልብሱ ባልዲው አጠገብ ተንበረከከ። ጫፉን በመሐረቡ ጠረገና ጠበቀ። ጠብ አለ። ደግሞ ጠረገ። ደግሞ ጠብ አለ።

«ሊጥ ነው እያልኩ የቀለድኩት እኔ ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «አሸንፋናለች። ቤተ ሙከራዋን የሚነካ የለም፤ አንቺም ለዚህ ምስክር ነሽ።»

አጎትየው ከኋላ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኔ ባልቆርጣት ማን ያውቅ ነበር?»

ለቀስተኛው ሳቀ። ልጅቱም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው፣ እናቷም ናፍቃት። ጎረቤቶቹ ሊያባብሏት ሲነሱ በእጇ ከለከለቻቸው።

ጎንበስ ብላ «ያጽናሽ፣ እህቴ» አለቻት ለወይኗ። ከዚያ ጥቁር ሻሿን ከራሷ ፈትታ፣ ግንዷን ባልዲው ውስጥ ከተተከለው የድጋፍ እንጨት ጋር አሰረቻት፤ ስትወፍር እንዳይጠብባት ላላ አድርጋ።