ዳገት ላይ የሚደክም ሞተር

አየለች ባሏ ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እሷ እንግዳ እንደምትቀበል ሴት «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ስትል ከረመች። የመሐል ሜዳ ሴቶች ይህንንም አሙት፤ የሚያሙት መቼ አጥተው ያውቃሉ! እሷ ግን ሐሜቱም አልተሰማትም። ውስጧ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖ፣ ቢቆነጥጡትም የሌላ ሰው ይመስላታል።

በግ ነጋዴው ይታየው ከራቤል ገበያ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ከነሞተር ሳይክሉ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ገደል ገባ። በማግስቱ ትራፊክ ፖሊሱ ሞተሩን ቢሞክረው በአንድ ርግጫ ተነሣ። በቃ፣ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ሰውየው ሰክሮ ነበር ተባለ፤ ያን ቀን ራቤል ማኅበር ገብቷል። አባቱ አባባ ትዕዛዙ ይህን ሲሰሙ «ሰክሮ ገደል ለገባ ተዝካር አላወጣም!» ብለው ማሉ። እሳቸው ከማሉ ደግሞ ቄስም አይመልሳቸው። አየለችም ብትሆን እርግጠኛ አይደለችም፤ ይታየው አንዳንዴ ይጎነጭ ነበር። አርባው ሲቃረብ ሞተሩን በጋሪ አስጭና ተክለጻድቅ ጋራዥ ወሰደችው።

አዲስ አበባ የሞተር ጉልበት የሚለካ ዳይኖ የሚሉት ማሽን አለ አሉ። ተክለጻድቅ ያለው ግን አሮጌ ወፍጮ ነው። የሞተሩን የኋላ ጎማ በርሜል ላይ ያቆመዋል፤ በርሜሉ ሲዞር በቺንጋ ቀበቶ ወፍጮውን ያዞራል። ገብስ ሲጨመርበት ድንጋዩ ይከብዳል፣ ሞተሩም ዳገት የያዘ ይመስለዋል። ጉልበቱ ሲወርድ ዱቄቱ ይሻክራል። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ገብሱን ይዞ ከች ይላል፤ ነፃ ወፍጮ የት ይገኛል!

ተክለጻድቅ የይታየው ጓደኛ ስለነበር ያን ቀን ሰፈርተኛውን ሁሉ መለሰ። ካንዴላውን አውጥቶ አየ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ ነፋው፣ ከዚያ ገብሱን እያፈሰሰ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ጓ ብሎ ፈጨ። ዱቄቱ እንደ ሕፃን ምጥን የላመ ነበር። ደገመው፣ ያው ነው።

«እቴ አየለች፣ ምንም የለበትም» አላት ዓይኗን ሳያይ።

ምንም የለበትም ማለት ጠጥቷል ማለት ነው። አየለች ሐዘን ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች፤ አልመጣም።

«ያን ቀን እንደነበረው አድርገህ ሞክረው» አለችው፣ ሌላ የምትለው ስላጣች።

ፖሊሶቹ ከሟቹ ልብስ ጋር ያስረከቧትን የሰልባትዮውን፣ የቤንዚን ታንከሩን ልብስ ከዘንቢሏ አወጣች። የመንዝ ንፋስ ይታየውን ጉልበቱ ላይ ይዞት ስለነበር፣ በጉልበቱ የሚያቅፈው ቀዝቃዛ ሰልባትዮ እንዲሞቅለት አባባ ትዕዛዙ ከበግ ፀጉር ባና ሸምነውለት ነበር። «ዝናብ እንዳያስገባ ላስቲክ ገበር አድርጊበት» ያሏትም እሳቸው ናቸው። እሷም የማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ ገበር አድርጋ፣ ጥብቅ አድርጋ ሰፋችው። ይታየው ለብሶት ረጅም መንገድ የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው።

ልብሱን ሰልባትዮው ላይ አለበሰችውና ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ ደህና ፈጨ። ቆየት ብሎ ድምፁ ዝቅ አለ፣ መለስ አለ፣ ደግሞ ዝቅ አለ። ዱቄቱ ሻከረ፣ ከዚያ ክክ ሆነ። ድንጋዩ ቆመ፣ ሞተሩም ጠፋ።

ተክለጻድቅ ልብሱን ገልቦ ክዳኑን ሲከፍት ሰልባትዮው አየር ወደ ውስጥ ፉት ሲል አየለችም ሰማችው። ሞተሩም በአንድ ርግጫ ተነሣ።

«ካርቡራተሩ ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ቆሻሻ ሳይቀርበት አልቀረም።»

«አሁን አይደል እንዴ የነፋኸው? ንገረኝ ተክሌ።»

ተክለጻድቅ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ሲወርድ አየር የሚገባው በሷ ነው። ላስቲኩ ደፈናት። አየር ከሌለ ቤንዚኑ አይወርድም፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል። ሲያድር አየር በቀስታ ይሾልካል፣ ለዚህ ነው በማግስቱ የተነሣው።»

«አልጠጣም ማለት ነው።»

«ቢጠጣም ባይጠጣም ሞተሩ ይጠፋ ነበር።»

አየለች ልብሱን አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። ገበሩን ያሰቡት አባባ ትዕዛዙ፣ የሰፋችው እሷ።

አባባ ትዕዛዙ አልገባም ብለው ከጋራዡ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አልመጣም ብለውም ነበር፤ ግን መጥተዋል።

«አልሰከረም፣ አባባ» አለቻቸው።

«ታዲያ ምን ሆነ?»

እጃቸውን አየች። ጣቶቻቸው ባና ሲሸምኑ ኖረው ቀጥ ማለት ትተዋል። ይህን ነገር አብሯት የሚሸከም ሰው ብታገኝ ወደደች፤ እሳቸው ግን እንደማይችሉት ገባት።

«ካርቡራተሩ ቆሽሾ ነው። ዳገቱ ላይ ቤንዚን አጠረው።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ትከሻቸው ተናወጠ። «ልጄን ረገምኩት» አሉ፣ «ሞቶ እንኳ አልተውኩትም። እስቲ ድገሚልኝ።»

«ካርቡራተሩ ነው። አልሰከረም።»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ስትደግመው እውነት እየመሰለ ሄደ። አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እሳቸው እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቁ ጀርባቸውን አሻሸችላቸው። ብዙ ቆይተው ቀና አሉና የደረቀ ፊቷን አዩት።

«አንቺስ፣ ልጄ? አታለቅሺም?»

«አለቅሳለሁ፣ አባባ» አለች። «መጀመሪያ እርስዎ ይጨርሱ።»